ከአዲስ አበባ የመጣው ቡዳ

ጨርቁ የተሰቀለው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል ነበር። ነጭ ጨርቅ፣ ቀይ ፊደል። ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ የማንበብ ሱሱ ገና አልለቀቀኝም። የዘይት ጀሪካን አነባለሁ፣ የአውቶቡስ ጎን አነባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ማሊያ ላይ ያለውን የኳስ ተጫዋች ስም ጸሎት መሐል አነባለሁ። ስለዚህ አክስቴ ገነቴ እጄን ይዛ መንገዱን ልታሻግረኝ ስትል ቆምኩና መናኸሪያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አነበብኩት።

«የጥንታዊ ቡዳ ዋሻዎች ጥበብ ኤግዚቢሽን! በሆሳዕና ሙዚየም! መግቢያ በነጻ!»

ከኋላችን ሻንጣ ላይ የተቀመጡት ተሸካሚዎች በሳቅ ፈረሱ።

«ቡዳ ደግሞ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ተጀመረ? የኛዎቹ አነሱን?»

«የአዲስ አበባው የተማረ ነው ባክህ።»

«አልሰማሃትም እንዴ ልጅቷን? በነጻ ነው የሚበላህ!»

እኔ የማውቀው ቡዳ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ በዓይኑ ሰው የሚበላው። ሆዴን ባመመኝ ቁጥር እማዬ መጀመሪያ በኢየሱስ ስም ትጸልይልኛለች፤ ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስትበይ ማን አየሽ?» ትለኛለች። እንዲህ ስሙን እየሰማሁ ያደግሁትን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አሁን መንግሥት ራሱ ሰብስቦ፣ ዋሻ ውስጥ አስቀምጦ ሊያሳየኝ ነው። ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

የአክስቴ እጅ እጄን ጭምቅ አደረገው። ፈርታ መስሎኝ ነበር።

«አይዞሽ፣ ብዙ ሰው አብሮን ይኖራል» አልኳት።

«ነገ እንመጣለን ሮዲ። ውስጥ ገብተሽ ታያለሽ።»

«ሁሉንም ቡዳ?»

«ሁሉንም» አለች፤ ተሸካሚዎቹን እያየች። ይህች «ሁሉንም» የምትባል ቃል እስከ ዛሬ አልተከፈለችኝም።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። ቻይና በረሃ ውስጥ ካሉ ጥንታዊ የቡድሃ እምነት ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎችና በእጅ የተገለበጡ ሥዕሎች ነበሩ። አዲስ አበባ ታይተው ሲያበቁ አንድ ደግ ሰው «ክልሎችም ይዩት እንጂ» ብሎ በአይሱዙ ላካቸው። ከላይ የመጣው ወረቀት «ቡድሃ» ነው የሚለው። ቡድሃን ቡዳ ያደረገው የእኛው ታፔላ ጸሐፊ ነው። ሲጠየቅ፣ «ጨርቁ አልበቃኝም፤ ደግሞስ ያው አይደል እንዴ?» አለ አሉ።

ገነቴ የአባቴ የመጨረሻ እህት ናት። እኛ ቤት ነበር የምትኖረው፤ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። በዚያ ሰሞን አባቴ ብቻዋን እንዳትወጣ ከልክሏት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም ክልከላው ለእኔ ሲሳይ ነበር። «ሮዳስን ይዘሽ ሂጂ» ነው የሚለው። እኔ የአክስቴ የመውጫ ፈቃድ ነበርኩ፤ ማኅተሜ ደግሞ ቦምቦሊኖ ነው።

በማግስቱ ሄድን። ሙዚየም የምንለው ከመዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ነበር፤ በዘወትር ቀን አንድ ጋሻ፣ ጥቂት የቀንድ ዋንጫዎችና ብዙ አቧራ ይታይበታል። በሩ ላይ ዘበኛው ሀብቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ዕንባቆም ቆሟል፤ ረጅም፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው። ቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ፤ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው። የባህል ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ስለሆነ ኤግዚቢሽኑን የሚያስረዳው እሱ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት፣ ቢሮው ውስጥ ሌሎች ባለሙያዎችም ነበሩ። ማን ያስረዳ ሲባል አንዱ «ለዕንባቆም ስጡት፣ ዘመዶቹ አይደሉ?» አለ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ምደባው በዚያው ጸደቀ።

«መግባት አይቻልም» አለ ሀብቴ።

«ለምን?»

«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው።»

«ኃላፊው የት ነው?»

«አዋሳ። ስብሰባ።»

«ቁልፉን ይዞ?»

«እና ቁልፉን ለማን ይተውለት? ቡዳ ነው እኮ ያለው ውስጥ!»

በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ጨለማ ብቻ። እንባዬ መጣ። አክስቴ ቦምቦሊኖ ገዝታ አስያዘችኝና ከዕንባቆም ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጣ ማውራት ጀመረች። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩና ገመጥኩ። ይኼኔ አንድ ነገር አየሁ። ገና አፌን ስከፍት ዕንባቆም መላ ሰውነቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቦምቦሊኖውን ከኋላዬ ደበቅሁት፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። አወጣሁት፤ ዞረ። ወሬያቸውን ሳያቋርጥ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ሳያስበው።

«ምን አስቀንቶት ነው? ለምን የራሱን አይገዛም?» አልኳት አክስቴን በጆሮዋ።

ቦምቦሊኖውን ወደ አፌ መለሰችው።

መልሱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዕንባቆም ከፎንቆ መንገድ ገባ ብላ ካለች የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው የተወለደው። ለእነዚያ ሰዎች ከተማው ያወጣው ሌላ ስም አለ፤ እኔ አልጽፈውም። ዓይናቸው ይበላል ይባላል። እናቱ ገና መሄድ ሳይጀምር ያስተማረችው ነገር ቢኖር የሰው ልጅ ሲበላ ፊቱን እንዲያዞር ነው፤ ያ ልጅ ነገ ሆዱን ቢያመው በራቸው ላይ የሚመጣውን ዱላ ስለምታውቅ። እኔ ቅናት ያልኩት እናቱ ያሳደገችበትን ጨዋነት ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴና አክስቴ ሳሎን ውስጥ ተያያዙ። አባቴ ጴጥሮስ የሒሳብ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሲቆጣ በሀዲይሳ ይጀምርና ነገሩ ሲከብድበት ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ ስብከትና ፍርድ በአማርኛ ነው የሚቀናው። እኔ ጓዳ ሆኜ ለእማዬ ሽንኩርት እልጣለሁ።

«ቡዳ ቤት ልትገቢ ነው? የጴጥሮስ እህት፣ ቡዳ ቤት!»

«ጋሼ፣ ሰው ነው። ካንተ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንዝ ነው የተጠመቀው።»

«መጠመቁን መቼ ካድሁ? ወንድሜ ነው። በጌታ ወንድሜ ነው።»

«በጌታ ወንድምህ ከሆነ በቤትህ አማችህ ቢሆን ምን ይልሃል?»

«ሁለቱን አታደባልቂ!»

«እናቱ ሸክላ ስለሠራች ነው? ሚስትህ ጎመን የምትቀቅልበት ድስት ከማን የተገዛ ይመስልሃል?»

«ድስቱ ሌላ፣ እጁ ሌላ ነው!»

እማዬ ድስቱ ውስጥ ያለውን ጎመን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ «ሽንኩርቱን ላጪ» አለችኝ።

ማንም ሰው ከዚህ ወሬ አክስቴ ዕንባቆምን ልታገባ እንደፈለገች፣ አባቴም በዘሩ ምክንያት እምቢ እንዳላት ይገባዋል። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። «ቡዳ ቤት» ማለት ሙዚየሙ ነው። አባቴ እንዳንገባ የከለከለን ሙዚየሙን ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የቻይናው ቡዳ ተጠምቋል፤ ያውም ከአባቴ ጋር፣ በአንድ ወንዝ! ታዲያ የማያስፈራ ከሆነ ለምን ይከለክለናል? ሰኞ ትምህርት ቤት «የቻይናው ቡዳ ጴንጤ ነው» ብዬ ለክፍሉ ሁሉ ነገርኩ። አስተማሪያችን እስከ ደወል አንበረከኩኝ። ተንበርክኬም ቢሆን አቋሜን አልለወጥኩም።

ሁለተኛ ስንሄድ ኃላፊው ከአዋሳ ተመልሷል፤ ቁልፉም መጥቷል። በሩ ግን አልተከፈተም። ጨርቁ እስኪታረም ድረስ አዳራሹ እንዲዘጋ ትእዛዝ ወጥቷል። አንድ የጸሎት ቡድን ደግሞ በሩ ፊት ቆሞ በአንድ ድምፅ «ውጣ! ውጣ!» ይላል፤ መግባት ያቃተኝን ቦታ እነሱ ውጣ ሲሉት የባሰ ተናደድኩ። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ስለነበሩ አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በጓሮ ወደ መናኸሪያው ወሰደችኝ።

ዕንባቆም መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የቀለም ቆርቆሮ በአንድ እጁ ይዞ፣ «ዳ»ን በነጭ አጥፍቶ በእሷ ቦታ «ድ» እና «ሃ» ሊያስገባ ይታገላል። ቦታ የለም። «ሃ»ዋ ልጅ እንዳዘለች ሴት ጀርባ ጎብጣ ወጣች። ሥር ተሸካሚዎቹ ተሰብስበዋል።

«ዕንባቆም! ስምህን እያስተካከልክ ነው?»

«ጨምርበት፣ ለዘመዶችህም ይበቃል!»

«ወደዚህ አትይ እንጂ፣ ምሳ እየበላን ነው!»

እሱ «ሃ»ዋን መቀባቱን ቀጠለ። እኔ ገረመኝ፤ ስሙ ዕንባቆም ሆኖ ሳለ ጨርቁ ላይ ያለው እንዴት ስሙ ይሆናል? አክስቴ ግን ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች።

«አንተ! አፍ ተሰጥቶህ ማንበብ የተነፈግህ! ፊደል ሲታረም ደስ ካላለህ ሂድና ሻንጣህን ተሸከም!»

«እሺ እትዬ፣ አንቺንም በላሽ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

ዕንባቆም ወረደ። ጣቶቹ በቀይ ቀለም ተነክረዋል። ከመሰላሉ ጀርባ ቆሙና አወሩ፤ እኔም እንደ ልማዴ በመሐላቸው ነበርኩ።

«ሽማግሌ አጣሁ ገነቴ» አለ። «አንዱን ብለምነው ወገቤን አለ። አንዱ ላሜ ወለደች አለ። ሦስተኛው ‹ጌታ ይርዳህ› ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚህ ሁሉ ከተማ ሦስት ሰው!»

«ያለ ሽማግሌ ብትመጣ ጋሼ ውሻ ነው የሚለቅብህ።»

«ቅዳሜ ይኼ ዕቃ ተጭኖ ይመለሳል። እኔም ዱራሜ ተዛውሬያለሁ፤ ሰኞ መግባት አለብኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተላከ…»

አክስቴ አፈሩን በጫማዋ ጫፍ ትቆፍራለች።

እኔ ግን ሁሉ ነገር በራልኝ! ኤግዚቢሽኑ ሰው አጥቷል። ሰው ስለሌለ አይከፈትም። ቅዳሜ ሊሄድ ነው። የሚያስፈልገው ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ብቻ! ይኼ ሁሉ ትልልቅ ሰው ሦስት ሽማግሌ አጥቶ ይተክዛል፤ እኔ ሽማግሌ ያለበትን ቦታ አውቃለሁ።

ታች ገበያ፣ ጋሽ ፈትሁዲን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጋሽ ፈትሁዲንና አቶ ተክለጊዮርጊስ ቀኑን ሙሉ ዳማ ይጫወታሉ። አንደኛው ከጉራጌ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሽ ዕንባቆም ሽማግሌ አጥቷል» አልኩ። «ሦስት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቅዳሜ ሙዚየም ኑ።»

ሁለቱም ከዳማው ቀና አሉ።

«የባህል ቢሮው ዕንባቆም? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ።

«የመምህር ጴጥሮስ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። አክስቴ ናት የምታውቀው።»

ጋሽ ፈትሁዲን ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁት። «ገባኝ፣ ገባኝ። ታዲያ ዘመድ የለውም እንዴ ልጁ? እንዴት ሽማግሌ ያጣል?»

«ቡዳ ስለሆነ ነዋ» አልኩ። ሰው የማይመጣው ኤግዚቢሽኑ የቡዳ ስለሆነ ነው ማለቴ ነበር።

ሳቁ ከጢማቸው ውስጥ ጠፋ።

«ማነው እንደዚያ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ጨርቅ ላይ ተጽፎ አንብቤዋለሁ። በትልቁ። መናኸሪያ ፊት ለፊት።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ በጣታቸው የያዙትን ቆርኪ ዳማው ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከመናኸሪያ በኩል አይሄዱም፤ ጋሽ ፈትሁዲን ደግሞ ዕቃ ሊያመጡ ሄደው የተመለሱት በዚያ ጠዋት ነው። ጨርቁን ሁለቱም አላዩትም።

«ጨርቅ ላይ?» አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ፤ ድምፃቸው ችሎት የሚያስከብር ሆነ። «የሰውን ልጅ ስም? በአደባባይ?»

«በቀይ» አልኩ።

«ይኼ ስም ማጥፋት ነው። በሕግ ያስጠይቃል!»

«ሕጉን ተወው ተክሌ» አሉ ጋሽ ፈትሁዲን፣ ዳማውን እያጠፉ። «ጋቢህን አዘጋጅ። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

እኔ ያልኩትን እነሱ አልተረዱም፤ እነሱ የተረዱትን እኔ አልተረዳሁም፤ ጉዳዩ ግን ተፈጸመ። በሥራ ዓለም ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ያለ የተሳካ ስብሰባ አላየሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። የጸሎት ቡድኑ ድል አድርጎ ሄዷል፤ ከሀብቴ በቀር ሰው የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ሲገቡ ዕንባቆም የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች መሰሉትና ደነገጠ። የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ ማስረዳት ጀመረ። አክስቴ በሩ አጠገብ ቆማለች። እኔ ቀድሜ ሮጥኩ።

የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ቃጠሎ ቋ ቋ ይላል። ቀለም ቀለም ይሸታል። መጀመሪያ ያየሁት ሴቶች ነበሩ፤ ያለ ክንፍ የሚበሩ፣ እንደ ነጠላ ያለ ረጅም ጨርቃቸው ከኋላቸው የሚጎተት፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሰማይ ውስጥ በጎናቸው የተንሳፈፉ። ከሥራቸው መዳፍ የሚያክሉ ትንንሽ ሰዎች፣ ተርታ በተርታ፣ እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ፤ ማለቂያ የላቸውም። ፊታቸው ጠቁሯል። ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ታች ሰብረዋል፣ እንቅልፍ ሊወስዳቸው እንደሆነ።

«የታሉ ቡዳዎቹ?» አልኩ።

«እነዚህ ናቸው» አለ ዕንባቆም።

«አያዩም እኮ! ዓይኑን የጨፈነ ቡዳ ምን ያደርጋል?»

«ምንም አያደርግም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። «ቡድሃ ነው ስሙ። ከሕንድ አገር የተነሣ አስተማሪ ነው። መነኮሳቱ በረሃ መሐል ተራራ ፈልፍለው፣ ውስጡን በሥዕል ሞሉት። ፊታቸው የጠቆረው ቀለሙ በዘመን ብዛት ተለውጦ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው እየቀጠለ…»

አቶ ተክለጊዮርጊስ አፍንጫቸው ግድግዳውን እስኪነካ ተጠግተው ከዘራቸውን ወደ አንድ ፎቶ ቀሰሩ። ትልቅ ሥዕል ነው፤ ልብሱ፣ እጁ፣ ጌጡ ሁሉ አለ፤ ዓይኖቹ ባሉበት ግን ሁለት ነጭ ጉድጓድ።

«ሞራዬ ነው ወይስ ይኼ ሰው ዓይን የለውም?»

«የለውም። ተፍቆ ነው።»

«ማን ፋቀው?»

«ከብዙ ዘመን በኋላ በአካባቢው የኖሩ ሰዎች ናቸው ይባላል። አንዳንድ ዋሻ ውስጥ ሁሉንም ፍቀዋቸዋል። እያዩን ነው፣ ይጎዱናል ብለው ፈሩ።»

«ጎዷቸው?»

ዕንባቆም ሁለቱን ነጭ ጉድጓዶች አየ። «ግድግዳ ናቸው እኮ አባቴ» አለ። «ግድግዳ ምን ይጎዳል?»

ጋሽ ፈትሁዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሀብቴ በሩ ላይ ካለው በርጩማ ተነሥቶ ቆመ። ጣሪያው ቋ ቋ ይላል። እኔ ሁለተኛውን ግድግዳ ለማየት ቸኩያለሁ።

«ልጄ» አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ «እኛ የመጣነው ሥዕል ልናይ አልነበረም። ሽማግሌ አጥተሃል ተብለን ነው። ሁለት ነን። ሦስተኛው ማነው?»

ዕንባቆም ወደ አክስቴ ዞረ፤ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ «ሦስት ካልሆኑ አይከፈትም እንዴ?» አልኩ።

«እኔ አለሁ» አለ ሀብቴ ከበሩ።

«በርህ ላይ ማን ይቆማል?» አሉ ጋሽ ፈትሁዲን።

«ማን ሊሰርቀው ነው? ቡዳ እኮ ነው!»

ከዚያ ሁሉ ነገር ፈጠነ። እኔ ወደ ሁለተኛው ግድግዳ ሮጬ አንድ ቀይ ፈረስ የመሰለ ነገር ጫፉን እንዳየሁ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ነይ፣ ቤት ቀድመናቸው መድረስ አለብን!»

«ሁሉንም ብለሽኛል!»

«ሮዲ፣ እባክሽ!»

«ሁሉንም ብለሽኛል!» እያልኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየተጎተትኩ ወጣሁ። ከኋላዬ በሩ ተዘጋ። ከአንድ ሺህ ቡዳ አንድ ግድግዳ።

ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሲደርሱ አባቴ ተነሥቶ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ። አልተቀመጡም። ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ይኼን አባቴ ያውቃል፤ ፊቱ ተለወጠ። አንድ ኦርቶዶክስ፣ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ደግሞ አረቄ የሚሸት ዘበኛ፤ በአንድ የጴንጤ ሳሎን፣ «ጌታ እረኛዬ ነው» ከሚለው ጥልፍ ሥር ተሰልፈው ቆመዋል።

«መምህር ጴጥሮስ፣ እህትዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ።

«ልጃችሁ ማን ነው?»

«ዕንባቆም።»

አባቴ ወንበሩን ያዘ። «ዘመዳችሁ ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ጋሽ ፈትሁዲን።

ከዚያ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ድምፁን አወጣ፤ «እንጸልይበታለን።»

በእኛ አገር ጴንጤ «እንጸልይበታለን» ካለ ነገሩ አልቋል። ሽማግሌዎቹ ግን ጴንጤ ስላልሆኑ አልገባቸውም።

«እስከ መቼ?»

«ጌታ እስኪናገር።»

«ደግ» አለ ሀብቴ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፤ «እኛም ቆመን እንሰማዋለን።»

ቆሙ። አባቴም ቆመ። እማዬ ከጓዳ በር ላይ ቆመች። ለአቶ ተክለጊዮርጊስ በርጩማ ባቀርብላቸው በከዘራቸው ገፉት። እኔ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ ሙዚየሙ አሁን ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል?

አክስቴ ከመኝታ ቤት የልብስ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

«ገነቴ! ጌታ ገና አልተናገረም!» አለ አባቴ።

«ለእኔ ተናግሮኛል ጋሼ» አለች። «ያንተ መስመር ተይዞ ነው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተከትለዋት ወጡ። የወጣችው ከሽማግሌ ጋር ስለሆነ ኮበለለች ሊባል አልቻለም፤ አባቴን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው እሱ ነው። የጋሽ ፈትሁዲን ሚስት እትዬ ሃቢባ ቤቷ አሳድራት፣ ሰኞ ከዕንባቆም ጋር ዱራሜ ገባች። እኔ ግን በዚያ ሰንበት አዳራሹን ባዶ ሳገኘው አንድ ነገር ነው የደመደምኩት፤ ከሥዕሎቹ ጋር በአይሱዙ ተጭና ሄዳለች። ለጠየቀኝ ሁሉ «አክስቴን ቡዳው ወሰዳት» እል ነበር። ሰዎች ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ከንፈራቸውን መጥጠው ያልፋሉ። ቃላችን አንድ ነበር፤ የምናወራው ግን ስለተለያየ ሰው ነው።

ባለፈው ጥር አባቴን ይዤ ዱራሜ ሄጄ ነበር። አሁን አርጅቷል፤ ይሄዳል፤ አልሄድም ብሎ አያውቅም። የአክስቴ ልጆች ሲወለዱ ሄዷል፣ ሲመረቁ ሄዷል። ዕንባቆምን አቅፎ ይስመዋል፣ «ወንድም ዕንባቆም» ይለዋል፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ያወራል። ምሳ ሲቀርብ ግን ሁልጊዜ ጾም ጸሎት ላይ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አባቴ ዱራሜ ሄዶ ጾመኛ ያልሆነበት ቀን የለም። ለዱራሜ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደጾመላቸው ቢያውቁ ሐውልት ያቆሙለታል።

ዘንድሮም የመጨረሻዋ ልጅ አቢጋኤል የእጅ መታጠቢያ ስታቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጾም ላይ ነኝ ልጄ» አለ። አክስቴ መታጠቢያውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስንወጣ ቆጮና የጎመን ክትፎ በምሳ ዕቃ ሞልታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጾምህን ስትፈታ ትበላዋለህ ጋሼ።»

ሚኒባሱ ውስጥ የቅቤው ሽታ ሁላችንንም ገደለን። አንጋጫን ሳናልፍ «አባዬ፣ ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?» አልኩት።

«ሆሳዕና ስንገባ።»

ሆሳዕና ገባን። ሚኒባሱ መናኸሪያ ቆመ። አባቴ ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ ውሰጂው። አሁን የምግብ ፍላጎት የለኝም።»

እኔ ጠዋት ከቤት እንደወጣሁ ነኝ፤ እሱ አልበላም ሲል እኔ እንዴት ብቻዬን እበላለሁ ብዬ ዱራሜም ሳልቀምስ ነው የመጣሁት። ራቤ ይሁን ንዴቴ አላውቅም፤ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ክዳኑን ከፈትኩና በእጄ መብላት ጀመርኩ። ሰው ይወርዳል፤ እኔ እበላለሁ። ተሸካሚዎች በመስኮት «ሻንጣ አለ? ሻንጣ አለ?» ይላሉ፤ እበላለሁ።

«ይጣፍጣል?» አለ አባቴ።

አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን ነቀነቅሁ። ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ወጣ ወረደ።

«ቅቤው የበሰለ ነው?»

የመጨረሻውን በቆጮ ጠቅልዬ ጉርሻ አደረግሁና ወደ አፉ ዘረጋሁት። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ያውም የልጅ። አባቴ ጉርሻውን አየው። ቅቤው በእጄ አንጓ ላይ መውረድ ጀመረ።

«ተጸልዮበታል?» አለ።

«አክስቴ ጸልያበታለች።»

«ገነቴ ስትጸልይ አጭር ነው የምትጸልየው» አለ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ «አባታችን ሆይ፣ ሰማይና ምድርን የፈጠርክ…»

ረዳቱ የሚኒባሱን ጣሪያ በመዳፉ እየመታ «አባት! ውረዱ እንጂ! ወራጅ ጨርሷል እኮ!» ይላል። አባቴ ገና ኖኅ ላይ ነው። ክንዴ ዝሏል፤ ቅቤው ክርኔ ደርሷል። አልወርድም።